የመጨረሻው ነዶ

ክንዴ መደመር አይችልም ብዬ ደምድሜ ነበር። እንዲያውም አለቃዬን አቶ ገብረ ኪዳንን "እዚያ መካነ ብርሃን ያለው ሰውዬ ትምህርት ቤት የገባው ከዝናብ ሊጠለል ነው እንዴ?" ብዬ ጠይቄያቸዋለሁ። ከመነጽራቸው በላይ አዩኝና "አንቺ ሥራሽ መቀበል ነው፤ ስህተት ካለ ደግም በዪው፤ ስድቡን ተይው" አሉኝ። ዓመቱ ሰባ ስድስት ነው፤ ጥር ወር፤ ደባርቅ። ጽጌሬዳ እባላለሁ። ያን ጊዜ ሃያ ስምንት ዓመቴ ነበር፤ ያላገባሁ፣ ምላሴ የተሳለ፣ የጤና ቢሮ የሬዲዮ ሠራተኛ።

ሥራዬ እንዲህ ነው። በየገጠሩ ያሉት ክሊኒኮች ከጧቱ ሦስት ሰዓት ላይ የቀኑን ቁጥር በሬዲዮ ያነቡልኛል፤ እኔ ቅጽ ላይ እጽፋለሁ፤ ቅጹን ደግሞ ወደ ጎንደር እናስተላልፋለን። በእኛና ክንዴ በሚሠራበት በመካነ ብርሃን ክሊኒክ መካከል የስሜን ተራራ ተጋድሟል። ነፋስ ሲነሣ ወይም ጉም ሲወርድ ሬዲዮው እንደሚቆላ ገብስ ይንጣጣል። አንዱ ቁጥር ጭራሽ ይጠፋል፤ ሌላው ተቆርጦ ይደርሳል። ሰባ ሦስት የተባለው ሦስት ሆኖ የገባበት ቀን ብዙ ነው።

ለዚህ መላ ያበጁለት አቶ ገብረ ኪዳን ናቸው። ከመንግሥት ሥራ በፊት እንደ አባታቸው ቁም ጸሐፊ ነበሩ፤ ብራና ላይ ዳዊት ይገለብጡ ነበር። ዳዊት በዐሥር በዐሥር መዝሙር ይከፈልና እያንዳንዱ ክፍል ንጉሥ ይባላል። እሳቸው አንዱን ንጉሥ ቆጥረው ሳያርሙ ወደሚቀጥለው አይሻገሩም ነበር። "መቶ ሃምሳውን ጨርሶ ስህተት የሚፈልግ ዓይኑን ያጠፋል፤ ዐሥሩን ጨርሶ የሚፈልግ ግን እዚያው ያገኘዋል" ይላሉ። የሬዲዮውንም ቁጥር እንዲሁ አደረጉት። ቅጹ አርባ ቁጥር ነው፤ አንባቢው ዐሥር ቁጥር ያነባል፤ ከዚያ ድምሩን ይናገራል። እኔ የሰማኋቸውን ዐሥር ደምሬ ከእሱ ድምር ጋር አስተያያለሁ። ከተስማማ "ተቀበልኩ፣ ቀጥል" ነው። ካልተስማማ "ደግም" ነው፤ አርባውን ሳይሆን ያችን ዐሥር ብቻ። ድምር የትኛው ቁጥር እንደተሳሳተ አይነግርም። መሳሳቱን ብቻ ይነግራል፤ ደግም ለማለት ይኸው ይበቃል።

መጀመሪያ እኛም እያንዳንዱን ዐሥር ንጉሥ ነበር የምንለው። አንድ ቀን የአውራጃው ካድሬ በበራችን ሲያልፍ እኔ "ሦስተኛው ንጉሥ ጠፍቶብኛል! ሦስተኛውን ንጉሥ መልስልኝ!" እያልኩ ስጮኽ ሰማኝ። በአብዮት ዘመን ንጉሥ የሚያስመልስ ሬዲዮ! አቶ ገብረ ኪዳን ዳዊታቸውን ይዘው ግማሽ ቀን ሲያስረዱ ዋሉ። ከዚያ ወዲያ ስሙን ነዶ አልነው። ነዶ ማንንም አያስቆጣም።

ክንዴን በዓይኔ ያየሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነበር። በኅዳር የሬዲዮውን ባትሪዎች በበቅሎ ጭኖ ሊያስሞላ መጣ፤ መንገዱ ሁለት ቀን ነው። ባትሪው እስኪሞላ ሦስት ቀን እኛ ቢሮ ዋለ። ረጅም ነው፤ ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍናል፤ ድምፁ በሬዲዮ ከሚሰማው ይወፍራል። በሦስተኛው ቀን በቅሎዋን እየጫነ፣ ወደ እኔ ሳያይ "በሚቀጥለው ስመጣ ብቻዬን አልመጣም፤ ሽማግሌ ይዤ ነው" አለኝ። ልቤ ዘለለ። አፌ ግን "እስኪ ና፣ ያኔ እናያለን" አለ። እንዲህ ያለ አፍ ነው የተሰጠኝ።

ከዚያ በኋላ ያለን ሬዲዮው ብቻ ነው። በመስመሩ ላይ የግል ወሬ ክልክል ነበር። ማን እንደሚያዳምጥ አይታወቅም፤ ያወራ ሰው ምን እንደሚጠብቀው ግን ይታወቃል። ስለዚህ ለሁለት ወር ከክንዴ የደረሰኝ ቁጥር ብቻ ነው፤ ስንት ሰው አሳለው፣ ስንት ሕፃን ተከተበ። የሌላ ሰው ሳል ቁጥር በጉጉት የምትጠብቅ ሴት ሆንኩ። ሦስት ሰዓት ሊሆን ሲል ነጠላዬን አስተካክላለሁ፤ በሬዲዮ የሚያየኝ ይመስል።

ስህተቱ የጀመረው በጥር መጨረሻ፣ አንድ ሐሙስ ነው። ሦስቱ ነዶዎች በሰላም ገቡ። አራተኛው፣ የመጨረሻው፣ የልዩ ልዩ ነዶ ነው፤ ብርድ ልብስ፣ ወንበር፣ ባዶ ጠርሙስ፣ ላምባ። ማንም የማይሞትበት ነዶ ነው። የክንዴ ድምር ከእኔ በሃያ በለጠ። "ደግም" አልኩ። ደገመው፤ ቁጥሮቹ ያው ናቸው፣ ድምሩ ግን አሁን ልክ ነው። ዓርብም የመጨረሻው ነዶ ተሳሳተ፤ በዐሥራ ዘጠኝ። ቅዳሜ በዐሥራ ስምንት። ለአቶ ገብረ ኪዳን ያማሁት ይኼን ጊዜ ነው።

እሑድ ሬዲዮ የለም። ሰኞ ሲመጣ ትርፉ ዐሥራ ሰባት ይሆናል ስል ዐሥራ ስድስት ሆነ። እርሳሴን አስቀመጥኩት። የጎደለችው አንዲት የእሑድ ናት፤ እሑድም ተቆጥሯል ማለት ነው። ሰውየው መደመር ሳይሆን ቀን ነው የሚቆጥረው! ጣቶቼን አውጥቼ ቆጠርኩ። ዐሥራ ስድስተኛው ቀን ከቅበላ በፊት ባለው ረቡዕ ላይ ዋለ። ሁዳዴ ሳይገባ፣ ሽማግሌ ለመላክ ጊዜ ሳያልፍ። ማንም ቢያዳምጥ፣ የሚሰማው የመደመር ችግር ያለበት አንድ ምስኪን ሠራተኛ ነው። "ደግም" አልኩት። ሲደግመው ሳቁ ይሰማኛል፤ አፉን በእጁ እንደሸፈነ አውቃለሁ።

እነዚያን ሁለት ሳምንታት እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? ዐሥራ አራት፣ ዐሥራ ሦስት፣ ዘጠኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ናፍቄ አላውቅም። ቢሮው ደጃፍ ቆሜ ወደ ተራራው አያለሁ፤ ከዚያ ወዲያ አንድ ሰው እኔ ሁለት ጊዜ እንድሰማው ብሎ ሆን ብሎ ይሳሳታል። አቶ ገብረ ኪዳን አንድ ቀን "ያ ሰውዬ አሁንም ይሳሳታል፤ አንቺ ግን መቆጣት ተውሽ" አሉኝ። "መሳደቡን ተይ ብለውኝ የለ?" አልኳቸው። ዳባት ላለችው አክስቴ ለበለጠች ማክሰኞ ድረሺልኝ፣ ረቡዕ እንግዳ አለብኝ ብዬ ላክሁባት። ጠላ ጠነሰሰች። ይህችን መልእክት ስምንት ዓመት ሙሉ ስትጠብቃት ኖራለች።

ቅዳሜ ትርፉ አራት ነበር። ሰኞ ሁለት መሆን አለበት።

ሰኞ ነፋሱ ከጧት ጀምሮ ቆርቆሮውን ሊነቅለው ደረሰ። ክንዴ የመጨረሻውን ነዶ ማንበብ ጀመረ። "ብርድ ልብስ፣ ዐሥራ ሁለት። ወንበር፣ ስድስት።" ሬዲዮው እየተንጣጣ ነው። በቅጹ ላይ ቦታ ያልተሠራለት ነገር ሲመጣ የሚገባው በልዩ ልዩ ነውና፣ ዘጠነኛው ላይ "ተስቦ" አለ። ጩኸት መጣ፤ ከጩኸቱ ውስጥ "አንድ" የሚል ወጣ። አንድ ብዬ ጻፍኩ። "ድምር፣ መቶ አምስት።"

ደመርኩ። የእኔ ስልሳ ሦስት ነው። ትርፉ አርባ ሁለት ነው።

ሁለት ስጠብቅ አርባ ሁለት! እንደገና ደመርኩ፤ ያው ነው። ቀኑን ቆጠርኩት፤ ከገብር ኄር ማግስት ላይ ወደቀ፤ ሁዳዴ ውስጥ። በጾም ሽማግሌ አይላክም፤ ሠርግ አይታሰብም። ከፋሲካ በኋላ ነው ማለቱ ነው፤ ከፋሲካ በኋላ ደግሞ ሌላ ምክንያት አይጠፋም። ወንድ ሲሸሽ እንዲህ ነው አልኩ። ጠላው ተጠንስሷል፤ አክስቴ ለጎረቤት ሁሉ አውርታለች፤ እሱ አርባ ቀን ጨመረብኝ። ፊቴ እሳት ሆነ። አሁን ደግሞ "ደግም" እንድለው ይጠብቃል። ጠብቅ አልኩ በልቤ። ከእኔ አፍ ደግም የምትል ቃል አትሰማም።

"ተቀበልኩ" አልኩ።

ከዚያ "ደባርቅ፣ ድምሩ ተስማማ?" ሲል ሰማሁት።

"ተስማማ።"

ካፈርኩ አይመልሰኝ ማለት ይኼ ነው። መቶ አምስት ብዬ ብተወው አቶ ገብረ ኪዳን ያዩታል። ስለዚህ ስልሳ ሦስት ብዬ ጻፍኩ፤ የራሴን ድምር የእሱ አስመሰልኩት። አቶ ገብረ ኪዳን ቅጹን አንብበው "ተስቦ ገብቷል ማለት ነው? አንድ ሰው? እግዚአብሔር በዚሁ ያብቃው" አሉ፤ ለአንድ ሰው የሚበቃ መድኃኒት ቋጥረው በማግስቱ ሌሊት ወደ መካነ ብርሃን ለሚነሣ ሰጠኝ ለሚባል ባለበቅሎ ሰጡት። እኔም በአውቶቡሱ ረዳት "አትምጪ፤ ጠላውን ለጎረቤት አጠጪው" ብዬ ወደ ዳባት ላክሁ። ማክሰኞ ሦስት ሰዓት ላይ መካነ ብርሃን አልመለሰም። ይኸው፣ ድምፁንም ከለከለኝ አልኩ።

ረቡዕ ጧት ቢሮ ተቀምጬ የተሞላ ቅጽ እንደ አዲስ እሞላለሁ። በሩ ጨለመ። ቀና ስል ክንዴ ቆሟል፤ እስከ ጉልበቱ አቧራ። ከኋላው ነጭ ጋቢ የለበሱ ሁለት ሽማግሌዎች፤ አንዱ መስቀል የያዙ መምሬ ገብረ ክርስቶስ፣ ሌላው ምርኩዝ የያዙ አቶ ገሠሠ ናቸው። ባትሪ የተጫነች በቅሎ ደጅ ቆማለች። ባላት ቀን መጣ! ደስታዬ ከወንበሬ አስነሣኝ። ከዚያ ፊቱን አየሁ።

"መልእክተኛችሁን መንገድ ላይ አገኘነው" አለ። ሰላምታ የለም። "የያዘው መድኃኒት ለአንድ ሰው ነው።"

"አንድ አይደል ያልከኝ?"

"አርባ አንድ ነው ያልኩሽ። አርባ አንድ ሰው ተኝቷል።"

ቅጹን አምጪ አለኝ። ሰጠሁት። ጣቱ የመጨረሻውን ነዶ ይዞ ወረደና ስልሳ ሦስት ላይ ቆመ። "እኔ መቶ አምስት ነበር ያልኩሽ። ይኼን ማን ጻፈው?"

"እኔ ነኝ። አርባ ሁለት ሲተርፍ… አርባ ሁለት ቀን ቆይተህ የምትመጣ መሰለኝ። ተናደድኩ።"

ክንዴ በሩ ደፍ ላይ ቁጭ አለ። "ደግም ሳትይ ስትቀሪ አጠገብሽ ሰው ቆሞ ጨዋታችንን የተውሽው መሰለኝ" አለ። "ቁጥሩማ ገብቷል ብዬ ባትሪውን ነቅዬ መጣሁ።" ቅጹን እየመለሰልኝ "ሁለቱ የእኔ ነበር" አለ። "አርባው የእነሱ ነበር።"

አቶ ገሠሠ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ሲሰሙ ቆይተው ወደ እኔ ቀረቡ። አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻል ነበር። "ልጄ" አሉኝ፣ ቀስ ብለው፣ "ያ አንድ ብለሽ የጻፍሽው የማን ነው? የእኔዋ ጤናዬ ትሆን እንዴ? ባለቤቴ ተኝታለች። መድኃኒቱ በመንገድ ነው ቢሉኝ ነው ለአንቺ ነገር ጥያት የወጣሁት።"

"አላውቅም፣ አባቴ" አልኩ። መሬት ተቀመጥኩ።

አቶ ገብረ ኪዳን መጋዘኑን ከፈቱ። የተገኘው ለሃያ አራት ሰው ነው። የቀረው እንዲላክ ወደ ጎንደር ስልክ ደወሉ። ያን ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር ወደ ላይ ቢሄድ አሻጥር ይባላል፤ አሻጥር የተባለ ሰው ደግሞ ወዴት እንደሚሄድ እናውቃለን። እሳቸው በቅጹ ግርጌ "በአየር መዛባት ምክንያት የተሳሳተ" ብለው ጻፉ። ለእኔ ያሉኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ "ደግም ማለት ምን ያስከፍላል፣ ልጄ?"

በአንድ ሰዓት ውስጥ መድኃኒቱንና ከእኛ የተሞላ ባትሪ ጭነው ተነሡ። ሽማግሌዎቹ ለእኔ ይዘውት የመጡት ቃል ሳይነገር ተመለሰ። መምሬ ገብረ ክርስቶስ መስቀላቸውን አሳልመው "እግዚአብሔር ይፍታሽ" አሉኝ። ክንዴ የበቅሎዋን ልጓም ይዞ "በስህተት መጫወት ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ" አለኝና ሄደ። ከገበያው ዳር ቆሜ እስኪጠፉ አየኋቸው። ተከትዬው መሄድ፣ መድኃኒቱን በጀርባዬ መሸከም ፈለግሁ። ማን ይፈቅድልኛል? ምንስ ብዬ እጠይቃለሁ?

ሬዲዮው የተመለሰው ቅዳሜ ነው። የመጨረሻው ነዶ መጣ። "በተስቦ የሞቱ፣ ዘጠኝ" አለ፤ ቁጥሩን እያንዳንዱን ፊደል እየለየ። ደመርኩ። እንዳይስማማ ተመኘሁ፤ ከዘጠኙ አንድ ሰው እንኳ የመደመር ስህተት በሆነ ብዬ። ተስማማ። "ተቀበልኩ" አልኩ። ወይዘሮ ጤናዬ ከዘጠኙ ውስጥ ትኑር አትኑር መጠየቅ አልችልም፤ የግል ወሬ ነው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ባለበቅሎው ሰጠኝ አንድ የታጠፈ ወረቀት አመጣልኝ። የክንዴ ጽሕፈት ነው። "ወይዘሮ ጤናዬ አረፈች። አቶ ገሠሠ አይረግሙሽም፤ ነገር ግን ከእንግዲህ ለማንም ሽምግልና ከቤታቸው አይወጡም። ለእኔና ለአንቺ ነገር የሚወጣ ሌላ ሰው በዚህ አገር አላገኝም፤ ልጠይቅም አፈርኩ። ከእንግዲህ ድምሬ አይሳሳትም።"

አልተሳሳተም። ሁዳዴ አለፈ፤ ፋሲካ አለፈ፤ ግንቦት አለፈ። በየጧቱ አራት ነዶ፤ አራቱም ልክ። እኔም እርሳሴን ይዤ አራተኛው ላይ ስደርስ ልቤ ይመታል፤ በአንድ ይብለጥ፣ በግማሽ ይብለጥ እላለሁ። ልክ ነው። ድምር ልክ ሲሆን የሚያለቅስ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? አክስቴ በለጠች ሌላ ሰው አምጥታ ነበር፤ ዳባት ሱቅ ያለው፣ ጨዋ ሰው። አይሆንም አልኳት። "ማንን ትጠብቂያለሽ?" አለችኝ። እኔም አላውቅም። የእህል ውሃችን እንዳለቀ አውቃለሁ፤ መጠበቁን ግን መተው አቃተኝ። ናፍቆት ጥፋትን አይጠይቅም። እሱ ያንን ድምፅ ይዞ በየጧቱ ሦስት ሰዓት ላይ ይመጣል፤ ስንት ሰው እንዳሳለው ነግሮኝ ይሄዳል።

በሐምሌ አንድ ጧት ጉሙ እስከ ቢሮው መስኮት ወርዷል። ደግነቱ ሬዲዮው ጥርት ብሏል። ክንዴ የመጨረሻውን ነዶ አነበበ፤ ድምሩን ነገረኝ። ደመርኩ፤ ያው ነው። አቶ ገብረ ኪዳን አጠገቤ ተቀምጠው ደብዳቤ ይጽፋሉ።

"ደግም" አልኩ።

አቶ ገብረ ኪዳን መጻፍ አቆሙ።

"ደባርቅ" አለ ክንዴ፤ ድምፁ ደነገጠ፤ "አልተስማማም? የቱ ጋ ነው?"

አልተስማማም ብል ይደግመው ነበር። ግን በዚያች መስመር ላይ አንድ ጊዜ ዋሽቻለሁ፤ ዋጋውን የከፈሉት ሌሎች ናቸው።

"ተስማምቷል" አልኩ። "ደግም።"

ማን እንደሚያዳምጥ አላሰብኩም። አቶ ገብረ ኪዳን ወረቀታቸውን ሰብስበው ወጥተው በሩን ዘጉት። ከወዲያ በኩል ትንፋሹ ይሰማኛል። ከዚያ ጀመረ፤ ቀስ ብሎ፣ እንደማይቸኩል ሰው። ብርድ ልብስ፣ ዐሥራ አንድ። ወንበር፣ ስድስት። ባዶ ጠርሙስ፣ ሠላሳ አራት። ላምባ፣ ዘጠኝ ሊትር። ዐሥሩንም አንድ በአንድ፣ እስከ ድምሩ። እርሳሴን አላነሣሁም፤ ሰማሁት ብቻ።

በማግስቱ ሳልጠይቀው ደገመው።